ባለገመዱ ወይስ ገመድ አልባው? ለጅማ ጌም ቤት የሚሆን የቪአር መነጽር

የሂርማታው

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ሂርማታ ውስጥ ትንሽ ጌም ቤት አለኝ። አራት ፕሌይስቴሽን 4፣ አንድ ፕሌይስቴሽን 5፣ ከእነዚህ ሌላ ደግሞ የአክስቴ ልጅ ከሁለት ዓመት በፊት ከውጭ ያመጣልኝ አንድ ኩዌስት 2 የሚባል የቪአር መነጽር አለ፤ ዓይንን ሸፍኖ በኮምፒውተር የተሠራ ዓለም ውስጥ የሚያስገባው ማለት ነው። ይህ መነጽር ብዙ እንጀራ አብልቶኛል። አሁን ግን ማሰሪያው ላልቷል፤ ስፖንጁ የስንቱን ግንባር ላብ ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ስክሪኑም ላይ የምስር ፍሬ የሚያህል ቢጫ ነጥብ ወጥቷል።

የነጥቡን ታሪክ ልንገራችሁና ተጠንቀቁበት። ታናሽ ወንድሜ አንድ ቀን መነጽሩን ሌንሱ ወደ ላይ እንደዞረ ጠረጴዛው ላይ ትቶት ወጣ። የቤቴ በር ወደ ምዕራብ ነው። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ በበሩ ገብታ በሌንሱ አልፋ ስክሪኑ ላይ አረፈች። ልጆች ሳለን በማጉያ መነጽር ወረቀት እናጨስ አልነበር? ያው ነው። ሻይ ጠጥቼ እስክመለስ ሥራዋን ጨርሳለች።

አሁን ዕቁብ ደርሶኛል፤ ሁለተኛ መነጽር ልገዛ ነው። ያሰብኩት ገመድ አልባውን ኩዌስት 3ኤስን ወይም ፕሌይስቴሽን 5 ላይ በገመድ የሚሰካውን ፕሌይስቴሽን ቪአር2ን ነው። የመጀመሪያው በአሜሪካ 299 ዶላር ሲወጣ ሁለተኛው በ549 ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2025 ወደ 399 ወርዷል። የዶላሩን ነገር ከሐምሌ 2016 ወዲህ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የተሳሳተ ዕቃ ገዝቼ የምማርበት አቅም የለኝም።

ሁኔታዬ ይህ ነው፦ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መብራት ይጠፋል፤ ደንበኞቼ አብዛኞቹ መነጽሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያደርጉ ናቸው። ሁለት ጎራ የያዙ ወጣቶች በየማታው ደጃፌ ላይ እየተከራከሩ ገበያዬን ስለያዙት ለእነሱም መልስ ይሆናል። «ሁለቱንም ግዛ» የሚል ሰው ግን ገንዘቡን አብሮ ይላክ።

ጥቁር ሌሊት

ምኑ ያስጨንቃል? ፕሌይስቴሽን 5 አለህ፤ ግማሹን መንገድ ሄደሃል። ቪአር2ን ግዛና ገላገልከን።

እኔ ከገዛሁት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል። ለእያንዳንዱ ዓይን 2000 በ2040 ፒክስል ይሰጣል፤ ስክሪኑ ደግሞ ኦሌድ ነው። ኦሌድ ማለት እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ የሚበራ፣ በራሱም የሚጠፋ ነው። ጥቁር ሲባል ጠፍቷል ማለት ነው። ኩዌስት የሚጠቀምበት ኤልሲዲ ግን ከበስተኋላው መብራት ስላለው ጥቁሩ ሁልጊዜ ዐመድ ዐመድ ይላል። በአጭሩ ኩዌስት ውስጥ ሌሊት የለም፤ አመሻሽ ብቻ ነው ያለው።

ሌላም አለ። መነጽሩ ውስጥ ዓይንህን የሚከታተሉ ካሜራዎች አሉት። የምታይበትን ቦታ አጥርቶ ይስላል፤ ዳር ዳሩን ይተወዋል። ቡና ለቃሚ ሴት ዓይኗ እጇ ሥር ባለው እፍኝ ላይ እንጂ ጆንያው ሁሉ ላይ እንደማይሆን ማለት ነው። በዚህ የተረፈውን ጉልበት ፕሌይስቴሽኑ ለምስሉ ጥራት ያውለዋል። ግራን ቱሪስሞ 7ን በመሪ ይዘህ በዚህ መነጽር ካልነዳህ መኪና ነዳሁ አትበል።

ገመድ አለው የሚሉኝን አውቃለሁ። አዎ፣ አለው። በሬም ገመድ አለው፤ ግን ያርሳል።

ጅሬን አቀበት

የበሬዋን ነገር ወደድኳት። ግን ወንድሜ፣ የጠየቀው ሰው ለራሱ ሳሎን አይደለም የሚገዛው።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ቂጦ ፉርዲሳ ግቢ የምማር ነኝ፤ ኩዌስት 3 አለኝ፣ ፕሮግራምም እሠራበታለሁ። ያየሁትን ልናገር። ቪአር2 በራሱ ኮምፒውተር የለውም፤ ሥራው ሁሉ የሚካሄደው ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ነው። የሂርማታው ያለው ደግሞ አንድ ፕሌይስቴሽን 5 ብቻ ነው። በዚያ ላይ አሁን ሁለት ልጆች እግር ኳስ ይጫወታሉ፤ ሁለት ሰው ይከፍላል፤ ተሸናፊው ተነሥቶ ሦስተኛው ይገባል። መነጽሩ ሲሰካ የሚከፍለው አንድ ሰው ይሆናል። ስለዚህ የቪአር2 ዋጋ 399 ዶላር ብቻ አይደለም፤ የዚያ የፕሌይስቴሽን የየዕለት ገቢም ይጨመርበታል።

ኩዌስት ግን ኮምፒውተሩ ግንባርህ ላይ ነው፤ ከማንም ጋር አይሻማም።

ስለ ሌንስም አንድ ነገር ልበል። ቪአር2 ውስጥ ያለው ሌንስ ባለ ቀለበት ፍሬስኔል ነው። ጥቁር ሌሊት ስክሪኑን ሲያመሰግን ሌንሱን ዘለለው። መነጽሩ ትንሽ ከተንሸራተተ ምስሉ ይደበዝዛል፤ በጨለማ ውስጥ ደማቅ ነገር ሲመጣም ጨረር ይረጫል። እውነቱን ለመናገር 3ኤስም ፍሬስኔል ነው፤ ስክሪኑም ከኩዌስት 2 ጋር እኩል ነው፣ 1832 በ1920። ማለትም 3ኤስ አዲስ ሞተር የገባለት አሮጌ መኪና ነው። ቀጭኑን ፓንኬክ ሌንስና 2064 በ2208 ስክሪን የሚያገኘው ኩዌስት 3ን የገዛ ነው፤ እሱ ደግሞ ሲወጣ 499 ዶላር ነበር።

ጥቁር ሌሊት

እህቴ፣ ሌንሱን አልዘለልኩም፤ አንዴ አስተካክዬ ካሰርኩት በኋላ ስለማልነካው ረስቼው ነው። ገመዱ ደግሞ ወደ 4 ሜትር ተኩል ይደርሳል። የሂርማታው ክፍል ከዚያ ይሰፋል እንዴ?

የሂርማታው

አይሰፋም። ሦስት በአራት ነው፤ በዚያ ላይ ወንበሮች አሉ።

የካርቶኑ ዘመን

በዚህ አገር ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራል። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ። እኛም ጅማዎች በንጉሣችን ስም «አባ» ማለትን ከማንም በላይ እናውቃለን። ስለዚህ ጥቁር ሌሊት ሆይ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስምህ አባ ገመድ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። እኔ ይህን ጠብ ከሥሩ አውቀዋለሁ። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2014 የካርቶን መነጽሩን ሲያሳይ ሥዕሉን ከኢንተርኔት አውርጄ፣ ካርቶን ቆርጬ፣ ስልኬን ከትቼ ነው የጀመርኩት። ያ ካርቶን አንገትህን ያውቃል፤ እግርህን አያውቅም። ዞር ስትል ዓለሙ አብሮህ ይዞራል፤ አንድ እርምጃ ወደፊት ስትሄድ ግን ዓለሙም አብሮህ ይሄዳል፤ ምንም ነገር ላይ አትደርስም። ዛሬ የምትከራከሩባቸው መነጽሮች ሁሉ እግርንም ያውቃሉ። ለእኔ ትልቁ ልዩነት እሱ ነበር፤ የቀረው ቅመም ነው።

የባለቤቶቹን ጠብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 አየሁት። ኦኩለስ ሪፍት በመጋቢት ወር በ599 ዶላር ወጣ፤ ኤችቲሲ ቫይቭ በሳምንታት ልዩነት በ799 ተከተለ። ቫይቭ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁለት የእጅ መቆጣጠሪያ ይዞ፣ ክፍል ውስጥ እንድትዘዋወር ፈቅዶ መጣ። ሪፍት ግን ከተራ ጆይስቲክ ጋር ነበር የተሸጠው። ያን ጊዜ የሪፍት ባለቤቶችን ስታነቡ፣ «ቪአር ማለት ተቀምጦ ነው፤ ቆሞ የሚንጎራደድ ማን ነው?» ይሉ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ታች የሚባለው የሪፍት የእጅ መቆጣጠሪያ ወጣ። እነዚያው ሰዎች፣ ስማቸው ሳይቀየር፣ «እጅ የሌለው ቪአር ምን ቪአር ነው?» ማለት ጀመሩ።

ይህን የምለው ማንንም ለማሳፈር አይደለም። እኔም ካርቶኔን ከማንም መነጽር አላሳንስም እል ነበር።

አባ ገመድ (የቀድሞው ጥቁር ሌሊት)

ስሙን ተቀብያለሁ። ቀይሬዋለሁም።

ባለ ሚዛኑ

ልጆች፣ ስለ 300 እና 400 ዶላር ስትጨቃጨቁ ሰማሁ። እኔ ቡና ነጋዴ ነኝ። ልጄ ከአሜሪካ ስትመጣ የአፕልን ቪዥን ፕሮ ይዛልኝ መጣች። 3,499 ዶላር። ከእሱ ወዲያ መነጽር የለም። ፊልም ስታይበት ግድግዳው ጠፍቶ ሲኒማ ቤት ትሆናለህ። ጥራቱ ከእነዚህ ከሁሉም ጋር አይወዳደርም።

ጅሬን አቀበት

ጋሼ፣ ጥራቱን ማንም አይክድዎትም። በስንት ቀን አንዴ ያደርጉታል?

ባለ ሚዛኑ

ከመስቀል ወዲህ ሁለት ጊዜ። ይከብዳል፤ ፊቴ ላይ የቡና ፌሬሱላ የተጫነ ይመስለኛል። ባትሪውም በገመድ ተያይዞ ኪስ ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

አባ ገመድ

ገመድ አሉ? እንኳን ደህና መጡ ጋሼ፤ የእኛ ወገን ኖት! አንድ ነገር ልጨምር፦ ቪዥን ፕሮ ሲወጣ የእጅ መቆጣጠሪያ አልነበረውም፤ በጣትና በዓይን ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ቪዥን ኦኤስ 26 የተባለው ሶፍትዌሩ ግን የፕሌይስቴሽን ቪአር2ን መቆጣጠሪያ እንዲቀበል ተደርጓል። ባለ 3,499ኙ ከባለ 399ኙ እጅ ተበደረ።

የአጋሮ ልጅ

እኔ ያጎቴ ልጅ ትቶት የሄደ ቫልቭ ኢንዴክስ አለኝ። የ2019 ዕቃ ነው፤ ሙሉው 999 ዶላር ነበር። በሰከንድ እስከ 144 ጊዜ ምስል ያድሳል፤ የእጅ መቆጣጠሪያው ጣቶችህን አንድ በአንድ ይለያል። እስካሁን እንዲህ ያለ እጅ አላየሁም። ግን ጠንካራ ኮምፒውተር ይፈልጋል፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ሁለት ሣጥኖች አሉት፤ እነሱም መብራት ይፈልጋሉ። መብራት ሲጠፋ የሚጠፋው አራት ነገር ነው። ለጌም ቤት አትሞክረው።

መነጽር ሠሪው

ልጆቼ፣ ስለ ዶላርና ስለ ስክሪን ብዙ አወራችሁ። እኔ ዓይን እየለካሁ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ስለ ዓይን ልናገር።

የሂርማታው፣ ደንበኛህ ሲመጣ በመጀመሪያ የዓይኖቹን ርቀት ታስተካክላለህ? ከአንዱ ብሌን እስከ ሌላው ያለው ርቀት በአዋቂ ሰው በአማካይ 63 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ግን ከሰው ሰው ይለያያል፤ ልጅ ደግሞ ጠባብ ነው። ያንተ ኩዌስት 2 ሌንሱን በሦስት ቦታ ብቻ ነው የምታቆመው፦ 58፣ 63 እና 68። 3ኤስም እንዲሁ ነው። ኩዌስት 3 ግን መዘውር ስላለው በመሃል ያለውንም ታገኛለህ፤ ቪአር2ም መዘውር አለው። በዚህ የአባ ገመድ መነጽር ከ3ኤስ ይሻላል።

ሁለተኛው ስፖንጁ ነው። በገጠራችን ትራኮማ እንዴት እንደሚተላለፍ ታውቃላችሁ፤ በዝንብ፣ በእጅ፣ በጋራ በሚጠረግ ፎጣ። «ፎጣ አትዋዋሱ» እያልን ስንት ዓመት አስተማርን። ሃምሳ ሰው ፊቱን የሚያሳርፍበት ስፖንጅ ፎጣ እንጂ ሌላ ምንድን ነው? የሲሊኮን መሸፈኛ አድርግለትና በየሰው መካከል ጥረገው። ዓይኑ የቀላ ልጅ ከመጣ ገንዘቡን መልስለት። የኩዌስት 2 የመጀመሪያው ስፖንጅ ራሱ የአንዳንድ ሰዎችን ቆዳ ስላስቆጣ እ.ኤ.አ. በ2021 አምራቹ ጥሪ አድርጎ የሲሊኮን ሽፋን በነፃ ሰጥቶበታል።

ሌንሱን በሸሚዝህ ጫፍ አትጥረግ። ፕላስቲክ ነው፤ ይጫጫራል። አልኮልም አታስነካው።

የሂርማታው

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ገባኝ። ባለፈው አንድ የአሥር ዓመት ልጅ «ሁለት ሁለት ሆኖ ይታየኛል» ሲለኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ተመልሶ መጣ፤ ሌንሱን ወደ 58 ገፋሁለት። «አንድ ሆነ!» ብሎ ጮኸ። ያለፈውን ሒሳብ ግን አልጠየቀኝም፤ እኔም አላስታወስኩትም።

ሌላ ጥያቄ አለኝ። ከአምስት ደንበኛ አንዱ ያጥወለውለዋል። አንዱ እንዲያውም በር ላይ አስመለሰ። የትኛው መነጽር ይሻላል?

መነጽር ሠሪው

ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ስትሄድ ጊቤ በረሃ ቁልቁለቱ ላይ ስልክህን አይተህ ታውቃለህ? ዓይንህ «አልተንቀሳቀስኩም» ይላል፤ ጆሮህ ውስጥ ያለው የሚዛን ክፍል «እየተጠማዘዝን ነው» ይላል። በመነጽሩ ውስጥ የሚሆነው የዚህ ግልባጭ ነው፦ ዓይን ይሮጣል፤ ሰውነት ቆሟል። መነጽሩ አንገትህን ተከትሎ ምስሉን ለማድረስ ሲዘገይም ይብሳል፤ ባለሙያዎቹ ከ20 ሚሊሰከንድ እንዳያልፍ የሚለፉት ለዚህ ነው። የመነጽር ዓይነት ትንሽ ይረዳል፤ የበለጠ የሚወስነው ግን የጨዋታው ዓይነት ነው።

ጅሬን አቀበት

ጋሼ ልክ ናቸው። ለአዲስ ሰው በራሱ እግር የሚቆምበትን ጨዋታ ስጥ፤ ቢት ሴበርን የመሰለ። እዚያ ሰውየው አይጓዝም፤ ኩቦቹ ናቸው ወደ እሱ የሚመጡት። የመኪና ውድድር በመጀመሪያ ቀን ለማንም አትስጥ። አባ ገመድ ይቅር ይበለኝና ግራን ቱሪስሞ ጥሩ ነው፤ ግን ለጀማሪ ጊቤ ቁልቁለት ነው። ደግሞም አብዛኛው ክፍሉ ያለ ኢንተርኔት አይሠራም።

አባ ገመድ

ይህን አላስተባብልም። ባለቤቴ እስካሁን ከሁለት ዙር በላይ አልነዳችም።

ግን ስለ ኩዌስትም እውነቱ ይነገር። እ.ኤ.አ. በ2020 ኩዌስት 2 ሲወጣ ያለ ፌስቡክ አካውንት አይከፈትም ነበር። ሰው ጨዋታ ለመጫወት የማኅበራዊ ገጹን ቁልፍ ያስረክብ ነበር። ኩዌስትን የሚሠራው የፌስቡክ ኩባንያ ያንን ያነሣው በ2022 ነው።

ጅሬን አቀበት

ተነሥቷል ብለሃል፤ ተነሥቷል።

ክርክሩ ግን በጽሑፍ አያልቅም። የካርቶኑ ዘመን ያሉት ልቤ ገብቷል፤ ሁላችንም የያዝነውን ሣጥን ነው የምናመሰግነው። እኔ ቪአር2ን አድርጌ አላውቅም። አባ ገመድም ከኩዌስት 2 በኋላ ያለውን ያደረገ አይመስለኝም። የሂርማታው ቤቱን ይክፈት፤ አባ ገመድ የእሱን ያምጣ፤ እኔ የእኔን ኩዌስት 3ና የክፍል ጓደኛዬን 3ኤስ ይዤ ልምጣ። ተለዋውጠን እናድርግ።

አባ ገመድ

ቅዳሜ። እኔ ዝግጁ ነኝ።

የካርቶኑ ዘመን

ካርቶኔን ላምጣ?

የሂርማታው

አምጡት። ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ።

የሂርማታው

ያልመጣችሁ ሰዎች የቅዳሜውን ትጠይቃላችሁና እንደሆነው ልጻፈው።

አባ ገመድ መነጽሩን በጋቢ ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን ታቅፎ መጣ። ጅሬን አቀበት በጀርባ ቦርሳ ሁለቱን ይዛ ገባች። ዝናብ ስለነበር ሁሉም መነጽር ፊት ላይ ሲደረግ በጉም ተሸፈነ፤ ለአምስት ደቂቃ ከፍተን እስኪሞቁ ጠበቅን። ይህን ብልሃት የማታውቁ ያዙት።

መጀመሪያ አባ ገመድ ኩዌስት 3ን አደረገ። ቆሞ ዙሪያውን አየ፤ ምንም አላለም። ከዚያ መራመድ ጀመረ። ወደ ግራ ሲዞር ቀኝ እግሩን ከፍ አድርጎ አለፈ። እንደገና ሲዞር እንደገና እግሩን አነሣ። መሬት ላይ ምንም ነገር የለም። ሦስተኛው ላይ ገባኝ፤ የሌለውን ገመድ እየተራመደ ነው! ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ እሱ ግን ጆሮውን ሸፍኖ ስለነበር የሳቅነውን አልሰማም። ሲያወልቅ «ጥሩ ነው» አለ፤ ቀጥሎ «ግን ሌሊቱ ግራጫ ነው» አለ። ለዚያ ሰው ይህን ያህል መናገሩም ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ ጅሬን አቀበት ቪአር2ን አደረገች። ሁለት ጊዜ ዞራ ገመዱ ወገቧ ላይ እንደ መቀነት ተጠመጠመ፤ ፈታንላት። ግን አባ ገመድ የምሽት ዋሻ ያለበትን ጨዋታ ከፈተላትና ዝም አለች። ረጅም ዝም አለች። «በእርግጥ ጨለማ ነው፤ እጄን ፈለግሁት፤ አጣሁት» አለች። አባ ገመድ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ እግሩን አነባበረ፤ የሰውየውን ፊት ማየት ነበረባችሁ።

እሷ ደግሞ የምትሠራውን አሳየችን። የጅሬኑን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በፎቶግራፍ እያየች ኮምፒውተር ላይ እየገነባችው ነው። የእንጨት በረንዳው ላይ ቆምኩ፤ ከታች ከተማው። ደረጃው ላይ ስወጣ ምስሉ ተንገጫገጨ። የኩዌስት ማቀናበሪያ የስልክ ዓይነት ስለሆነ የእንጨቱን ፍልፍል ሁሉ አይችልም አለች፤ ሥራዋ ምን እንደሚጣል መምረጥ ነው።

ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ መብራት ጠፋ። በዚያ ሰዓት ሦስት መነጽር ፊት ላይ ነበር። ቪአር2ን ያደረገው ሰው ፕሌይስቴሽኑ ሲጠፋ አብሮት ጠፋ፤ አወለቀው። የእኔ ኩዌስት 2 በራሱ ባትሪ እንደበራ ቆየ፤ ግን እነዚህ መነጽሮች ክፍሉን በካሜራ እያዩ ነው የት እንዳሉ የሚያውቁት፤ ክፍሉ ሲጨልም ቦታው ጠፋበት። 3ኤስን ያደረገችው ልጅ ግን ኩብ መቁረጧን ቀጠለች! መጀመሪያ መብራት መጥፋቱንም አላወቀችም። ከመንገድ የሚገባው የባጃጅ መብራትና አንድ ሰው የያዘው ስልክ ብቻ ነበር ብርሃኑ። ዘፈኑን ጨርሳ ስታወልቅ «ለምን ጨለማ ውስጥ ተቀመጣችሁ?» አለችን።

ጅሬን አቀበት

ምክንያቱ ይህ ነው፦ 3ኤስ ውስጥ የኩዌስት 3 የርቀት መለኪያ ወጥቶ በምትኩ ዓይን የማያየው የኢንፍራሬድ መብራት ገብቷል። በደብዛዛ ብርሃን ክፍሉን የሚያይበት የራሱ ፋኖስ አለው ማለት ነው። የእኔ ውዱ ኩዌስት 3 ይህ የለውም። ቅዳሜ ርካሹ ውዱን በለጠው፤ እኔም ተናድጄ ነው ወደ ቤት የሄድኩት።

አባ ገመድ

ቪአር2 ክፍሉ ሲጨልም ቴሌቪዥኑን አብርቶ በእሱ ብርሃን የሚመራበት ማስተካከያ አለው።

የአጋሮ ልጅ

ቴሌቪዥኑስ በምን ይበራል?

አባ ገመድ

አምላክ ያሳይህ፤ እሱን አልጻፍኩም።

ባለ ሚዛኑ

ሳትጠሩኝ ቀራችሁ። የእኔን ብታዩት ኖሮ ወሬው ሌላ ይሆን ነበር። ለመሆኑ ብሸጥልህ በስንት ትገዛኛለህ?

የሂርማታው

ጋሼ፣ በእርስዎ ዋጋ ይህ ጌም ቤት ከነወንበሩ ይገዛል። ጀነሬተር የሚሸጡ ከሆነ ግን እንነጋገር።

የወሰንኩትን ልናገር። 3ኤስን አዝዣለሁ፤ የአክስቴ ልጅ ለገና ይዞት ይመጣል። ሁለት የሲሊኮን መሸፈኛና የሚሞላ መብራትም አብሮ ይመጣል። ለእጅ መቆጣጠሪያዎቹ የሚሞሉ ባትሪዎች አሉኝ፤ እያንዳንዱ አንድ ድንጋይ ብቻ ስለሚወስድ ይበቁኛል። ፕሌይስቴሽን 5ቱ የእግር ኳሶቹ ሆኖ ይቀጥላል፤ ልጆቹ ይህን ሲሰሙ አጨበጨቡ።

አባ ገመድን ግን አልለቀውም። ከቅዳሜ ወዲህ ሦስት ሰው «ያ ጥቁሩ የት ሄደ?» እያለ ጠይቆኛል። ስለዚህ እንዲህ አሰብኩ፦ በየቅዳሜው መነጽሩንና መሪውን ይዞ ይምጣ፤ መኪና መንዳት የሚፈልግ ይንዳ፤ ገቢውን እኩል እንካፈል። ገመዱ የሚደርስበትን መሬት ላይ በኖራ ክብ እሠራለታለሁ።

የካርቶኑ ዘመን

አባ ገመድ፣ ክብህን አገኘህ።

አባ ገመድ

እኩል አይደለም። ገመዱን የምፈታው እኔ ነኝ፤ ስድሳ አርባ ይሁን።

የሂርማታው

ሃምሳ አምስት፤ ሻይ በእኔ።

አባ ገመድ

እሺ። በስንት ሰዓት ልምጣ?

የሂርማታው

ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ። ፀሐይዋ ከበሬ ላይ ሳትወርድ ማንም መነጽር ከጋቢው አይወጣም።